ለአንድ መምህር ሁለት ቦታ

በዚያ ዕለት የሠራሁት ጅልነት ይህ ነው፦ ከቆላ ድረስ ለመጣች መምህርት በመስኮቴ ብቅ ብዬ፣ «እቴ፣ ኮምፒውተር አያዳላም፤ ዘመድ የለው፣ ጉቦ አይበላ። ቦታው ሞልቷል ካለ ሞልቷል» አልኳት። ማለቱስ ባልከፋ። ይህን ብዬ ስጨርስ መነጽሬን በመሐረብ ወልውዬ፣ አንገቴን እንደ አውራ ዶሮ ቀና አድርጌ፣ «እውነትዎን ነው» እንድትለኝ መጠበቄ ነው እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሆን የሚያሳፍረኝ።

ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት አልሞላውም። ደብረ ማርቆስ በዚያ ወር ጭቃና ጉም ናት። ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረኝ፣ የመምህራንን ፋይል የምይዝ የሠራተኛ አስተዳደር ሰው ነኝ። የዝውውር ውጤት ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ዝርዝሩ የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ኃላፊያችን በማግስቱ ማለዳ ይዞት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ከተዘጋ በኋላ የሳቀው ስቆ፣ ያለቀሰው አልቅሶ፣ የሚመጣውን ነሐሴ መጠበቅ ነው።

መምህርቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለሚጮህ ሰው ሠላሳ ዓመት የተለማመድኩት መልስ አለኝ። እሷ ግን የጫማዋን ጭቃ በደረጃው ጠርዝ እየጠረገች፣ «ጋሼ፣ የዝውውር ኮሚቴው የሮብ ገበያ ከተማን ቦታ ለእኔ ወሰነ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

እኔው ነኝ። ምስጢር መያዝ ድሮም አይሆንልኝም። ኮሚቴው በተነሣ ማግስት ደውላ ብትጠይቀኝ፣ «ዕቃሽን ሸክፊ» ብያታለሁ።

«ሸክፌ መጣሁ» አለች። «የተከራየሁትንም ቤት ለቀቅኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ዓባይ በረሃ አፋፍ አስተማርኩ። ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ ጋር ሮብ ገበያ ነው ያለው። በወር አንዴ ስሄድ ምን እንደሚል ያውቃሉ? ‹እንግዳ መጣች› ይላል።»

ከመስኮቴ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

ስለ ፕሮግራሙ ልንገራችሁ፤ ሠሪው እኔ ስለሆንኩ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም ብዬ አምን ነበር። ኮምፒውተር የነካሁት በሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው። ያስተማረችኝ የቢሯችን ጸሐፊ ናት፤ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምታንስ፣ ምላሷ ከመርፌ የሾለ። ማውሱን ጨብጬ ጠረጴዛው ላይ ስገፋው፣ «ጋሼ፣ ይኼ እርፍ አይደለም፤ ቀለል አድርገው ይያዙት፤ በሬዎቹ አይሸሹም» ትለኝ ነበር። ቢሆንም ያዝኩት። መጽሐፍ ተውሼ፣ እንደ ዳዊት እየደገምኩ፣ በሁለት ዓመቴ አንድ የዝውውር ፕሮግራም ወለድኩ። በግራ በኩል የመምህሩ ስም ይመጣል። በቀኝ በኩል አንዲት ሣጥን አለች፤ በውስጧ የሥራ ቦታዎቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። የፈለጉትን ሲነኩት መስመሩ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ «አጽድቅ» የሚለውን መጫን ነው፤ ደብዳቤውን ራሱ ይጽፈዋል። ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ሳይቀር ሰው እየጠራሁ አሳይቻለሁ። አንዱ «ጉድ ነው!» ሲለኝ ለሦስት ቀን ከራት ይልቅ እሱን ነው የበላሁት።

ሣጥኗን ስሠራ ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር፦ ሰው ከዚህ ዝርዝር አንድ ብቻ ይምረጥ ወይስ የፈለገውን ያህል? እኔም «የፈለገውን ያህል» አልኩ። ለምን እንደሆነ ልናዘዝ። አንድ ብቻ ማለት ንፍገት መሰለኝ። እንግዳ ጠርቶ «አንድ ጉርሻ ብቻ» የሚል ሰው አለ?

ሐምሌ ላይ ማመልከቻ ሲገባ የእያንዳንዱን መምህር የመጀመሪያ ምርጫ ነክቼ ሰማያዊ አደረግኩ። ኮሚቴው ሲወስን ደግሞ የተወሰነውን ነካሁ። የፊቱን ግን አላጠፋሁም። የጥፋቴ ሁሉ ሥር ይኼ ነው፤ ይኼ ደግሞ ከእኛ ዓይነት የመዝገብ ቤት ሰው በቀር በማንም ላይ አይደርስም። በወረቀት ዘመን ኃላፊው በደብዳቤው ጎን «ለእገሌ ይመራ» ብሎ ይጽፋል። በማግስቱ ሐሳቡን ሲለውጥ ከሥሩ ሌላ ምሪት ይጽፋል። የኋላው ምሪት የፊቱን ይሽራል። የፊቱን ግን ማንም አይፍቀውም፤ ሰነድ መፋቅ ከሥራ ያስባርራል። እኔ ሠላሳ ዓመት አንዲት ፊደል ሳልፍቅ የኖርኩ ሰው፣ ኮምፒውተሩም የኋላውን ምሪት አክብሮ ያድራል ብዬ አመንኩት።

መምህርቷ ከወንበሯ ተነሥታ ተመልሳ መጣች። «ይሁን፤ ሞልቷል እንበል። ማን ነው ያገኘው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ዞር ብዬ ፈለግኩ። የሮብ ገበያዋን አንዲት የሒሳብ መምህር ቦታ የያዘው አንድ ወጣት መምህር ነው። እሱን አስታውሰዋለሁ፤ ኮሚቴው የወሰነለት ሁለተኛ ምርጫውን፣ ደጀንን ነው። ቃለ ጉባኤውን ከመሳቢያ አውጥቼ በጣቴ ተከተልኩ፦ እሱ ደጀን፣ እሷ ሮብ ገበያ። ወደ ሣጥኗ ተመለስኩ። በአንድ ጊዜ የምታሳየው ስድስት መስመር ብቻ ነው። ዝቅ አደረግኳት፤ ደጀን ሰማያዊ ነው። እፎይ አልኩ። ከዚያ ከፍ አደረግኳት። ሮብ ገበያም ሰማያዊ ነው።

አንድ መምህር፣ ሁለት ሰማያዊ መስመር። አንዱ ሲታይ አንዱ ተደብቆ።

«ምነው ጋሼ፣ ላብዎ?» አለች ጸሐፊዋ ከማዶ።

ጠራኋትና አሳየኋት። ወንበሯን ስባ መጥታ ሁለቱን መስመሮች አየች፤ እኔንም አየች።

«የፊቱን አላጠፉትም?»

«የኋላው ይሽረዋል ብዬ።»

«ምን ሊሽረው? ብዙ ምረጥ ብለውታል፤ መረጠ። ደብዳቤ ሲጽፍ ደግሞ በፊደል ተራ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። ‹ረ› ከ‹ደ› ትቀድማለች፣ ጋሼ። እርስዎ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ ይሉ የለም?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። «ሌላስ ስንት ሰው አለ?»

አብረን አየን። በዚያ ዓመት አብዛኛው ወይ የመጀመሪያ ምርጫውን አግኝቷል፣ ወይ ባዶ እጁን ቀርቷል። ሁለተኛ ምርጫ የደረሳቸው አራት ብቻ ናቸው። የሦስቱ የተወሰነላቸው ቦታ በፊደል ተራ ቀዳሚው ሆኖ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፈዋል። አራተኛው የተፈረመ ደብዳቤውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከእጄ ተቀብሎ፣ «ዛሬውኑ በከሰዓቱ መኪና እገባለሁ» እያለ ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረውም ነበር። እኔም ያን ደብዳቤ ከነጥቅሉ አስፈርሜዋለሁ፤ ኮምፒውተር የጻፈውን ማን ያነባል ብዬ።

ኃላፊው በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ጨዋ ሰው ነው። እስክጨርስ ሰማኝና ሰዓቱን አየ። ስምንት ተኩል።

«ጋሼ፣ ዋናው ደብዳቤ ሳይመለስ ለአንድ ቦታ ሁለተኛ ደብዳቤ አልፈርምም። ነገ ሁለቱም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቢገናኙ ማን ይዳኛቸዋል? እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካመጡት ይታረማል። ካላመጡት በተለጠፈው ይጸናል።»

«እሷስ?»

«ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ምን ላድርግ?»

ቃለ ጉባኤ ከቢሮ አይወጣም፤ እኔ ራሴ በቀይ ጽፌ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ደንብ ነው። በካፖርቴ ሥር ሸጎጥኩትና ወጣሁ። አግዳሚው ጋ ስደርስ መምህርቷ ተነሣች። «መጣሁ» ብቻ አልኳት። ኮምፒውተር ስለማያዳላበት ጉዳይ ያን ጊዜ የሚያወራ አንደበት አልነበረኝም።

ባጃጁ በጭቃው ላይ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ መናኸሪያ አደረሰኝ። የሮብ ገበያው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ እጀታውን ይዟል። ወጣቱ መምህር ከሾፌሩ ኋላ በመስኮት በኩል ተቀምጧል። ጭኑ ላይ አዲስ ብርድ ልብስ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ይዟል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ጋሼ! እርስዎም ሮብ ገበያ ነዎት?»

በበሩ አንገቴን አስገብቼ ነገርኩት። አላሳመርኩትም፤ ጊዜም የለም። ኮሚቴው ደጀን ነበር ያለህ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን መልስልኝ። የፊቱ ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

«ፊርማ አለው፤ ማኅተም አለው» አለ፣ የደረት ኪሱን በመዳፉ ሸፍኖ። «እርስዎ ሲሳሳቱ እኔ ልክፈል? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ አይደል?»

«ነው» አልኩት።

መኪና ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ምንድን ነው ነገሩ? እኛም እንስማው እንጂ» አለች። ከእሷ አጠገብ የተቀመጡ ቄስ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ሾፌሩ እንኳ ሞተሩን አጠፋ። በአንድ አፍታ ችሎት ሆነ።

ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ ለመምህሩ አቀበልኩት። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። «ይችኛዋ ማን ናት?» አለ፣ ጣቱን ሮብ ገበያ ላይ አድርጎ።

«ሰባት ዓመት ቆላ ያስተማረች መምህርት ናት። ልጇና ባሏ ሮብ ገበያ ናቸው።»

«የእኔም እናት ሮብ ገበያ ናት» አለ። «ብቻዋን ናት። ጠዋት ደውዬ መጣሁ ብያታለሁ።» ቃለ ጉባኤውን መለሰልኝና ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ።

ረዳቱ፣ «አባት፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ» አለኝ። ሾፌሩ ቁልፉን ጨበጠ። ያ መኪና ከተንቀሳቀሰ ነገሩ አለቀ፤ ሰውየውን ሮብ ገበያ ድረስ ተከትዬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልመለስ አልችልም።

ከዚያ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ከመኪናው ጎማ ሥር ለታኮ የተወሸቀች አንዲት ድንጋይ ነበረች፤ ጎንበስ ብዬ አነሣኋትና ማጅራቴ ላይ ተሸከምኳት። በአገራችን ያጠፋ ሰው ይቅር በሉኝ ሲል እንዲህ ነው። አባቶቻችን ግን ድንጋዩን ከመሸከማቸው በፊት ጭቃውን ይጠርጉት እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ጭቃው በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ቁልቁል ወረደ። ካፖርት፣ ከረባት፣ ድንጋይ። መናኸሪያው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ወይ ጉድ!» አለች ሴትየዋ። «ድንጋዩን መሸከም የነበረበት ኮምፒውተሩ ነው እንጂ ሽማግሌው ምን አጠፉ?» መኪናው ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። እኔም፣ ስለ ራሴ መሳቅ የማይሰለቸኝ ሰው፣ ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

ቄሱ ናቸው የተናገሩት። «ልጄ፣ አስገድደህ ስጥ አልልህም። ግን ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ አንተ ተቀምጠህ አይሆንም። ወይ ምሬዎታለሁ፣ ያውርዱት በላቸው፣ ወይ አልምርም በላቸውና እኛም እንሂድ።»

ወጣቱ ብርድ ልብሱን ታቅፎ የሰው ጉልበት እየተራመደ ወረደና ድንጋዩን ከማጅራቴ አንሥቶ ወረወረው። «እርስዎ አያሳፍሩኝ፤ በቃ» አለኝ፤ አላየኝም። «እንሂድ።» ሚኒባሱ ጥሎት ሄደ።

ቢሮ ስንደርስ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዝናቡ ጠንክሯል፤ አምፖሉ ይርገበገባል። በዚያ ወቅት ዝናብ ሲበረታ መብራት እንደምትሄድ የማያውቅ የለም። ሁለቱ መምህራን ከጀርባዬ ቆሙ፤ አልተዋወቁም። ጸሐፊዋ ከጎኔ ተቀመጠች። የሣጥኗን ጠባይ የሚወስነውን ገጽ ከፈትኩ።

«እኔ ልሥራልዎ?» አለችኝ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«እሺ። እዚያች ጋ። ‹ብዙ› የሚለውን ‹አንድ ብቻ› ያድርጉት። ... አይደለም፣ እሷን አይንኩ! ከሥሯ። አዎ።»

አንዲት ቃል ናት። ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ሥራ ያጎደፈችው አንዲት ቃል ናት። ለወጥኩና ፕሮግራሙን አስነሣሁት፤ የመምህሩን ስም አወጣሁ፤ አሁን ሣጥኗ ሮብ ገበያን ብቻ ሰማያዊ አድርጋ አሳየችኝ። ወደ ታች ወርጄ ደጀንን ነካሁ። ወደ ላይ ተመለስኩ። ሮብ ገበያ ነጭ ሆኗል። እንደገና ታች፤ ደጀን ሰማያዊ። እንደገና ላይ፤ ነጭ።

«ስንት ጊዜ ነው የሚወጡ የሚወርዱት?» አለች ጸሐፊዋ። «መብራቷ ልትሄድ ነው፤ ያጽድቁ!»

አጸደቅኩ። የመምህርቷን ስም አወጣሁ፤ ሮብ ገበያን ነካሁ። «ሞልቷል» አላለኝም። ከጀርባዬ ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ። ፕሪንተሩ የእሷን ደብዳቤ እየጎተተ አወጣ፤ የእሱን ግማሽ ድረስ ጽፎ መብራት ጥርግ አለች። ወረቀቱ ከነ ግማሽ ደጀኑ ተነክሶ ቀረ።

ጸሐፊዋ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ላይ አሮጌውን የጽሕፈት መኪና አወረደች፤ አቧራውን እፍ ብላ በመስኮቱ ብርሃን የእሱን ደብዳቤ መታችው። ኃላፊው ካፖርቱን ለብሶ ቆሞ ዋናውን ደብዳቤ ከመምህሩ እጅ ተቀበለ፤ «ተሽሯል» ብሎ ጻፈበት፤ ሁለቱን አዲሶች ፈረመ። ማኅተሙን እኔ መታሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

መምህርቷ ደብዳቤዋን ሁለት ጊዜ አነበበች። አላመሰገነችኝም፤ ልክ ናት። «አሁን ሌላ ሰው የለበትም?» ብቻ አለችኝ። የለበትም አልኳት። ወደ ወጣቱ ዞራ ትከሻውን ነካ አድርጋው ወጣች።

እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ብርድ ልብሱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነገ ደጀን ሪፖርት ማድረግ አለብኝ» አለ። «ለእናቴ ደውዬ ብነግራት አታምነኝም። መኪና የሚበዛበትን ከተማ መርጦ ነው ትላለች። እርስዎ ይሂዱና ይኼን ይስጡልኝ። ልጅሽ አልተወሽም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለው በአፍዎ ይንገሩልኝ።»

«በዚህ ሳምንት» አልኩት።

ብርድ ልብሱ በዚያው ሳምንት ደርሷል፤ ሮብ ገበያ በሚሄድ ሰው ላክኩት። እኔ ግን አልሄድኩም። መጀመሪያ ጭቃው ይድረቅ አልኩ። ሲደርቅ አጨዳ ሆነ፤ በአጨዳ ማን ቤቱ ይገኛል አልኩ። ከዚያ ጡረታ ወጣሁ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ይበዛበታል። አሁን ደግሞ የጉልበቴ ሕመም አለ። ሽማግሌ ሰበብ አያጣም፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ መናኸሪያ ሙሉ ሰው ፊት ድንጋይ መሸከም ከአንዲት እናት ፊት ከመቆም ይቀልላል።

መምህሩን ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አገኘሁት። ትዳር ይዟል፤ ደጀን ተስማምቶታል። ስለ እናቱ ጠየቅኩት።

«ደኅና ናት» አለኝ። «እኔ የነገርኳትን እስከ ዛሬ አላመነችም። ‹ያ ሰውዬ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ› ትላለች።»